ሞክሼው አርም፦ ጂሲሲ 13ን ለፓይ ዜሮ ስሰራ የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ነገሩ የጀመረው ከጫጩት ነው ብል ማን ያምነኛል። ቢሾፍቱ ዶሮ የሚያረባ ጓደኛ አለኝ፣ የጫጩቶቹ ቤት ውስጥ አንዲት ራስበሪ ፓይ ዜሮ ደብሊው (በአንድ ቦርድ ላይ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር) ሰቅለንለት ሙቀቱን እያነበበች ትመዘግባለች፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ። (ፓይተን እያለ ለምን እንዳትሉኝ፣ ተጠይቄ ተጠይቄ ሰልችቶኛል፣ ስለምወደው ነው በቃ።) ሰሞኑን ኮዱን ሳጸዳው ኤስቲዲ ፎርማትን (ቁጥርና ጽሑፍ አስተካክሎ የሚያወጣውን የሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያ) አስገባሁበት፣ መስሪያ ቤት ያለው ኮምፒውተር ምንም አላለም፣ ቦርዷ ላይ ስወስደው ግን እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው። ኤስቲዲ ፎርማት ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር) ውስጥ የገባው 2023 ላይ በወጣው 13 ነው፣ እሷ ላይ ያለው ኦኤስ፣ ቡልስአይ የሚባለው፣ ይዞ የመጣው ደግሞ 10.2ን ነው። ኦኤሱን ወደ ቡክዎርም ባሳድገው እንኳን እዛ ያለው 12.2 ነው፣ በአንድ ቁጥር አመለጠኝ ማለት ነው።

የድሮውን ፕሪንትኤፍ ተጠቀምና ተገላገል የሚል አይጠፋም፣ አውቃለሁ፣ ግን አሁን እልህ ውስጥ ገብቻለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ቢሾፍቱ ስሄድ ላፕቶፕ አልይዝም፣ ከስልኬ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ገብቼ እዛው ቦርዷ ላይ አስተካክዬ እዛው ኮምፓይል አድርጌ ነው የምመለሰው። ስለዚህ የምፈልገው ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ ለቦርዷ የሚሰራ ኮምፓይለር ብቻ አይደለም፣ እዛው እሷ ላይ የሚኖር ኮምፓይለር ነው።

ለሙከራ የምጠቀመው እቤት ያለችኝን ሁለተኛዋን ዜሮ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላሉን መንገድ ነበር፣ ሶርሱን እሷው ላይ አውርጄ እሷው ትስራው። ሐሙስ ማታ አስጀምሬያት ተኛሁ፣ አርብ ስራ ውዬ ስመለስ ስክሪኑ ላይ "ኪልድ" የምትል ቃል ብቻ ቆማለች፣ ሲሲ1ፕላስ (የጂሲሲ የሲ ፕላስ ፕላስ ሞተር) ሚሞሪ በልቶ በልቶ ከርነሉ ገደለው። 512 ሜጋ ራም፣ አንድ ኮር፣ ከፋብሪካ የሚመጣው ስዋፕ (ራም ሲሞላ ከካርዱ የሚበደረው ቦታ) ደግሞ 100 ሜጋ። ስዋፑን ማሳደግ ይቻላል፣ ግን ሚሞሪ ካርድን እንደ ራም ቀንና ሌሊት መቀጥቀጥ ካርዱን በቁሙ መግደል ነው። ተውኩት። ላፕቶፑ ይስራው።

እሁድ ጠዋት

ሥራ ሳልጀምር ሦስቱን ቃላት ለራሴ ልጻፍ፣ ሁሌ ይምታቱብኛል። ጂሲሲን ስትሰራ ቢልድ፣ ሆስትና ታርጌት የሚባሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ቢልድ ኮምፓይለሩ የሚወለድበት ማሽን ነው፣ ሆስት የሚኖርበት፣ ታርጌት ደግሞ የሚሰራለት። ሦስቱም አንድ ከሆኑ ተራ ነገር ነው። ተወልዶ የሚኖረው ላፕቶፕ ላይ ሆኖ የሚሰራው ለአርም (የቦርዷ የፕሮሰሰር ዓይነት) ከሆነ ክሮስ ኮምፓይለር ነው። ሦስቱም ከተለያዩ ካናዲያን ክሮስ ይሉታል፣ ስሙ የመጣው ጉዳዩ ይወራ በነበረበት ጊዜ ካናዳ ሦስት አገር አቀፍ ፓርቲዎች ስለነበሯት ነው፣ የፕሮግራመር ቀልድ እንግዲህ ከዚህ አያልፍም። የኔው እዛ ድረስ አይሄድም፣ ላፕቶፕ ላይ ይወለዳል፣ ቦርድ ላይ ይኖራል፣ ለቦርድ ይሰራል።

ይሄ ማለት ሁለት ኮምፓይለር መስራት አለብኝ። መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ የሚኖር ክሮስ፣ ከዛ በሱ የሚሰራ የቦርዷ ኮምፓይለር። ሁለቱም አንድ ቨርዥን ቢሆኑ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ለቦርዷ የሚሄዱትን ላይብረሪዎች፣ ሊብጂሲሲንና ሊብኤስቲዲሲ ፕላስ ፕላስን፣ ኮምፓይል የሚያደርጋቸው የመጀመሪያው ነው።

ሰነፍ ስለሆንኩ ግን መጀመሪያ አቋራጭ ፈለግኩ። ላፕቶፔ ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ከፓኬጆቹ መሃል ለአርም የሚሰራ የተዘጋጀ ክሮስ አለ፣ ቨርዥኑ 11 ነው፣ ለኔ ባይበቃም ለሙከራ ብዬ ጫንኩትና ሄሎ ወርልድ ሰራሁ። ቦርዷ ላይ ሳስኬደው ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ባጭሩ ሊብሲ) 2.34 አልተገኘም አለኝ። ይሄ ይገባኛል፣ ኡቡንቱው 2.35 ይዟል፣ ቦርዷ 2.31 ናት፣ 2021 ላይ የወጣው 2.34 ደግሞ የፕሮግራም ማስጀመሪያውን ሲምቦል ራሱን በአዲስ ቨርዥን ስለቀየረው ከሱ ወዲህ የተሰራ ነገር ሄሎ ወርልድ እንኳን ቢሆን ወደ ኋላ አይሄድም። እሺ ስታቲክ ላድርገው ብዬ ሁሉንም ሆዱ ውስጥ አስገብቼ ላክሁት። አሁን ደግሞ፦

ኢሊጋል ኢንስትራክሽን።

በቃ። ሌላ ቃል የለም። ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም፣ ትርጉሙ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ገጠመው ነው።

እሁድ ከሰዓት

ቡና ተጠጥቶ ተመልሻለሁ። የኢሊጋል ኢንስትራክሽኑ ነገር ገብቶኛል፣ ማለቴ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ዜሮዋ ላይ ያለው ቺፕ ቢሲኤም2835 ነው፣ 2012 ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ ፓይ ላይ ያለው ያው ቺፕ። ኮሩ አርም1176 ነው፣ የአርም 6ኛው ትውልድ። ዴቢያንና ኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦኤሶች) ግን አርምኤችኤፍ ብለው የሚያወጡት ለ7ኛው ትውልድና ከዛ በላይ ነው፣ ተምብ2 የሚባለውን የትእዛዝ ዓይነት እንደ ልባቸው ይጠቀማሉ፣ 6ኛው ትውልድ ደግሞ ያንን አያውቅም። ለዚህ ነው የራስቢያን (የራስበሪ ፓይ ኦኤስ) ሰዎች ዴቢያንን ከላይ እስከ ታች ለ6ኛው ትውልድ እንደገና ኮምፓይል ያደረጉት። እስከዚህ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ስማቸው ላይ ነው። ሁለቱም ራሳቸውን አርም-ሊኑክስ-ግኑኢኤቢአይኤችኤፍ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ፊደል በፊደል አንድ! ሞክሼ ናቸው። በስም ጠርተህ የምትለይበት መንገድ የለም።

እሺ እንግዲህ ለ6ኛው ስራልኝ ብዬ ላዘው ብዬ ዳሽ ኤምአርክ ኢኩዋል አርምቪ6 ጨመርኩ። መልሱ፦ ይቅርታ፣ ተምብ1 ከሃርድ ፍሎት (የነጥብ ቁጥርን በፕሮሰሰሩ ማስላት) ጋር አልተሰራም። (ጂሲሲ ይቅርታ የሚልባቸው ኤረሮች እንዳሉ ታውቃላችሁ? "ሶሪ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እኔ እንደው ደስ ይለኛል።) ነገሩ የኡቡንቱው ኮምፓይለር ካልነገርከው በተምብ ነው የሚጽፈው፣ 6ኛው ትውልድ ላይ ያለው ተምብ ደግሞ የመጀመሪያው ትንሹ ነው። ስለዚህ ዳሽ ኤምአርም የምትለዋን (በተምብ ሳይሆን በሙሉው የአርም ትእዛዝ ጻፍ የምትል) ጨመርኩ፣ አለፈ፣ ቦርዷ ላይ ወሰድኩት፣ ኢሊጋል ኢንስትራክሽን።

አሁን ነው ሪድኤልፍን በትልቁ ኤ ማስኬድ ትዝ ያለኝ። ፋይሉ ስለራሱ ምን እንደሚል ያሳያል፣ ሲፒዩ አርክ የሚለው መስመር ላይ ቪ7 ተጽፏል። እንዴ? ቪ6 ብዬው? ከዛ ገባኝ፣ የኔ ኮድ ቪ6 ነው፣ ግን ፕሮግራሙን የሚያስጀምረው ሲአርቲ1 እና ሊብሲው ከኡቡንቱ የመጡ ናቸው፣ እነሱ ድሮ በቪ7 ተጋግረው የተቀመጡ ናቸው፣ እኔ በፍላግ ልቀይራቸው አልችልም፣ ሊንከሩ ደግሞ ሁሉንም ሲያዋህድ ትልቁን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ማለትም ዱቄቱን ብቻ ቀይሬ እርሾው የድሮው ነው።

አቋራጩ አበቃ። የራሴን ክሮስ እሰራለሁ።

ሰኞ ማታ 3 ሰዓት

ከቦርዷ ላይ ሊብ፣ ዩኤስአር ሊብና ዩኤስአር ኢንክሉድ ፎልደሮቿን በአርሲንክ ላፕቶፕ ላይ ገለበጥኩ፣ ሲስሩት የሚባለው ይሄው ነው፣ የቦርዷ ቤት ግልባጭ። ጥቅሙ ሊብሲን ከዜሮ መስራት አያስፈልገኝም፣ የሷን ራሷን 2.31 እጠቀማለሁ፣ ያ ማለት ሁለት ዙር ጂሲሲ መስራት የሚባለውን ጣጣ ዘለልኩ።

አንድ ነገር ልብ ብዬ አስተካከልኩ። ዴቢያን ላይ ሊብኤምን የመሳሰሉት ሊንኮች የሚያመለክቱት ከስላሽ ጀምሮ በሙሉ አድራሻ ነው። ቦርዷ ላይ ልክ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ሲገለበጡ ግን የሚያመለክቱት የላፕቶፑን ሊብ ነው፣ እዛ ደግሞ ምንም የለም። በፋይንድ የተሰበሩትን ሊንኮች ፈልጌ አጭር ስክሪፕት ጽፌ ሁሉንም ወደ አንጻራዊ አድራሻ ቀየርኳቸው። ይሄን ካሁን በፊት ተቃጥዬበት ነው የማውቀው፣ ሌላ ፕሮጀክት ላይ፣ አላወራውም።

ቢንዩቲልስን (አሰምብለሩና ሊንከሩ ያሉበትን ጥቅል) 2.35.2 መረጥኩ፣ አዲስ ጠፍቶ አይደለም፣ ቦርዷ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ጂሲሲ ሲዋቀር አሰምብለሩ ምን ምን እንደሚችል እየጠየቀ ነው የሚዋቀረው፣ እዚህ አዲሱን ጠይቆ እዛ አሮጌውን ቢያገኝ ሌላ ጣጣ ነው። በአስር ደቂቃ አለቀ።

ጂሲሲ 13.2፦ ዊዝ-አርክ አርምቪ6፣ ዊዝ-ኤፍፒዩ ቪኤፍፒ፣ ዊዝ-ፍሎት ሃርድ፣ ቋንቋ ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ ብቻ፣ ሲስሩቱም ተሰጠው። ጂሲሲ የሚፈልጋቸውን የሂሳብ ላይብረሪዎች፣ ጂኤምፒን፣ ኤምፒኤፍአርንና ኤምፒሲን፣ ኮንትሪብ ውስጥ ያለው ስክሪፕት ራሱ አውርዶ ቦታ ቦታቸው አስቀመጣቸው። ሜክ (ግንባታውን የሚያስኬደው ትእዛዝ) ብዬ እራት በላሁ።

ስመለስ ሊብጂሲሲ ላይ ቆሟል። ቢትስ ስላሽ ሊብሲ-ሄደር-ስታርት አልተገኘም። ፋይሉ አለ፣ በዓይኔ እያየሁት ነው፣ ግን የተቀመጠው ኢንክሉድ ውስጥ በአርም ስም የተሰየመ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው፣ የዴቢያን መልቲአርክ ማለት ይሄ ነው። ክሮስ ስትሰራ ጂሲሲ ይሄን በራሱ አያውቅም፣ ኢኔብል-መልቲአርክ ብለህ መንገር አለብህ። ቢልድ ፎልደሩን ጠራርጌ አጥፍቼ (ኮንፊገሩን፣ ማለትም የማዋቀሪያውን ትእዛዝ፣ ቀይሮ በአሮጌው ላይ መቀጠል ራስን ማታለል ነው) እንደገና ጀመርኩ።

ሰኞ ሌሊት

መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፣ ሃያ ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ሜክ ደግሞ በአራት ኮር እየሮጠ ነው፣ አስራ አምስትም አልቆየ፣ ጥርቅም።

ተኛሁ።

ማክሰኞ ማታ

መብራት ጠዋት ተመልሷል። ሜክ ጥሩ ጎኑ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ቀጠለ፣ ትንሽ ሄደና "ፋይል ትራንኬትድ" አለ። መብራቱ ሲሄድ እየተጻፉ የነበሩ ኦብጀክት ፋይሎች ስማቸው ብቻ ተርፎ ሆዳቸው ባዶ ነው፣ ሜክ ደግሞ የሚያየው ሰዓታቸውን እንጂ ሆዳቸውን አይደለም፣ ተሰርተዋል ብሎ አልፏቸዋል። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ፈልጌ አጠፋኋቸው፣ ሰባት ነበሩ። ቀጠለ። አለቀ!

ሄሎ ወርልድ። ሪድኤልፍ፦ ቪ6። ወደ ቦርዷ፦ ሄሎ ወርልድ።

እህቴ እስክትቆጣኝ ድረስ ጮሄያለሁ።

ረቡዕ ማታ

ክሮሱ ስላለቀ ዛሬ በሱ የቦርዷን ኮምፓይለር እሰራለሁ። አዲስ ተርሚናል ከፈትኩ፣ አዲስ ፎልደር፣ ኮንፊገሩ ላይ ሦስቱንም ጻፍኩ፦ ቢልድ የላፕቶፑ፣ ሆስት አርም፣ ታርጌት አርም። ቢልድን መተው ይቻላል የሚል ትሰሙ ይሆናል፣ አትተዉ። ሆስትን ብቻ ከሰጠኸው ኮንፊገር ክሮስ መሆኑን እርግጠኛ ስለማይሆን ትንሽ ፕሮግራም ሰርቶ ለማስኬድ ይሞክራል፣ እንደኔ ኪዩኢሙ (ሌላ ፕሮሰሰርን የሚያስመስል ፕሮግራም) የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የአርሙ ፕሮግራም ይሄድለታል፣ ከዛ ክሮስ አይደለም ብሎ ደምድሞ ይቀጥላል።

ቦርዷ ላይ የሊብሲ ጣጣ እንዳይመጣ ኮምፓይለሩን ራሱን ስታቲክ አደረግኩት፣ ፕለጊንና ኤልቲኦ አያስፈልጉኝም፣ አጠፋኋቸው። ለሙከራ ብዬ ኦል-ጂሲሲ ብቻ አልኩት፣ ላይብረሪዎቹ ይቆዩ።

ይሄን ነገር ሲሰራ ማየት ደስ ይላል። ጂሲሲ ሲሰራ መጀመሪያ ኮድ የሚጽፉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ይሰራል፣ ጄን ብለው ነው ሁሉም የሚጀምሩት፣ ጄንሪኮግ፣ ጄንኢሚት፣ ጄንአትርታብ። የአርም ፕሮሰሰሩን መግለጫ ፋይሎች አንብበው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ይተፋሉ። እነዚህ የሚሄዱት ላፕቶፑ ላይ ስለሆነ በላፕቶፑ ጂሲሲ ነው የሚሰሩት፣ የተፉት ኮድ ግን በክሮሱ ለአርም ይሰራል። በአንድ ሜክ ውስጥ ሁለት ኮምፓይለር ተራ በተራ ሲጠሩ በዓይን ታያለህ።

ሲያልቅ ወደ ቦርዷ ከመላኬ በፊት ላፕቶፕ ላይ በኪዩኢሙ ሞከርኩት። ሲሲ1ን ጠርቼ ሄሎ ወርልድን ሰጠሁት፣ የአርም አሰምብሊ ጽፎ አወጣ። ጎሽ። ምን ያህል ትልቅ ነው ብዬ ሳይ ሲሲ1ፕላስ መቶዎች ሜጋ ነው፣ የዲበግ መረጃው ነው፣ ከልማድ ስትሪፕ (ትርፉን የሚያራግፈውን) ስል የፋይሉን ዓይነት አላውቀውም አለኝ፣ ልክ ነው፣ የላፕቶፑ ስትሪፕ አርም አያውቅም፣ የክሮሱን ስትሪፕ ተጠቀምኩ፣ ቀለለ። በኤስሲፒ ላክሁት።

ኢሊጋል ኢንስትራክሽን።

አልዋሽም፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ግድግዳ ነው ያየሁት።

ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት

ነገ ስራ አለኝ ግን መተኛት አልቻልኩም።

የማውቀውን ልደርድር። ክሮሴ ትክክል ነው፣ ማክሰኞ ሄሎ ወርልዱ ቦርዷ ላይ ሄዷል። ኮንፊገሩ ላይ ዊዝ-አርክ አርምቪ6 ጽፌያለሁ፣ ሦስቴ አየሁት። ኪዩኢሙ ላይ ይሄዳል። ቦርዷ ላይ ይሞታል።

ቦርዷ ላይ ጂዲቢ (የስህተት መፈለጊያውን) ከፍቼ የሞተበትን ቦታ አየሁ፣ ቀስቷ የቆመችው ሞቭደብሊው የምትል ትእዛዝ ላይ ነው። አርም1176 ሞቭደብሊው የሚባል ነገር አያውቅም። ሪድኤልፍ ሲሲ1 ላይ፦ ቪ7። ተምብ2 አዎ።

ከየት መጣ? ዊዝ-አርክ ብዬ የለ እንዴ?

እዚህ ጋ ነው ሙሉ ሳምንቱ የተፈታው። ዊዝ-አርክ የሚናገረው አዲሱ ኮምፓይለር ወደፊት ለሚጽፈው ኮድ ነው። ኮምፓይለሩ ራሱ በምን ተሰራ የሚለውን አይነካም! እሱን የሚወስነው የሰራው ክሮስ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋን ከቡሃቃው ለይቼ ማየት አልቻልኩም ነበር። ማለት ሲሲ1 "እኔ ለቪ6 ነው የምጽፈው" የሚል ትሁት ኮምፓይለር ነው፣ ሥጋውና ደሙ ግን ቪ7 ነው።

ታዲያ ክሮሴ ቪ6 አይደለም እንዴ የሚጽፈው? ነው። ኮንፊግ ሎግን ከፍቼ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሩ ከየት እንደተጠራ ፈለግኩ። ዩኤስአር ስላሽ ቢን። የኔ ክሮስ ያለው ሆም ውስጥ ነው! እሁድ የጫንኩት የኡቡንቱ ክሮስ፣ ያ ሞክሼው፣ እዛው ቁጭ ብሏል። ሰኞ ማታ ፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ የኔን ፎልደር አስቀድሜ ነበር፣ ግን ያ በዛን ተርሚናል ብቻ ነበር፣ ማክሰኞ የሞከርኩት በሙሉ አድራሻ ጠርቼ ነው፣ ረቡዕ ግን አዲስ ተርሚናል ከፈትኩ፣ ሜክ አርም-ሊኑክስ-ግኑኢኤቢአይኤችኤፍ-ጂ ፕላስ ፕላስ ብሎ ሲጣራ "አቤት" ያለው ሌላ ሰው ነው።

ኪዩኢሙስ ለምን አለፈው? ኪዩኢሙ በዩዘር ሞድ ሲፒዩ ካልመረጥክለት የሚችለውን ሁሉ የሚችል ሲፒዩ ነው የሚሆነው፣ ለጋስ ነው፣ ቪ7 ብትሰጠው ቪ7 ይሆናል። ኪዩኢሙ-ሲፒዩ የምትለዋን ቫሪያብል አርም1176 ብዬ ሞልቼ እንደገና ሞከርኩት፦ ሲግናል 4፣ ኢሊጋል ኢንስትራክሽን። እዚሁ ላፕቶፕ ላይ! ረቡዕ ማታ ይቺን አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ አሁን ተኝቼ ነበር።

ሐሙስ ማታ

የኡቡንቱውን ክሮስ አራገፍኩት። ያ ብቻ ይበቃ ነበር፣ ግን በስም መምታታት ሁለቴ ስለተበላሁ ክሮሱንም እንደገና ሰራሁት፣ አሁን የአባት ስም ሰጥቼ። ትሪፕሌት የሚባለው ስም መሃሉ ላይ ቬንደር የሚገባበት ቦታ አለው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ የፈለግከውን ብትጽፍበት ጂሲሲ ግድ የለውም፣ አርም-ዜሮ-ሊኑክስ-ግኑኢኤቢአይኤችኤፍ አልኩት። ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖር መምህሩ በአባት ስም እንደሚጠራው ማለት ነው። አሁን ፓዝ ቢጠፋ ቢያንስ "አልተገኘም" ብሎ ይቆማል እንጂ ሌላ ሰው አቤት አይልም።

ፓዙንም ባሽአርሲ (ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚነበበው ፋይል) ላይ ጻፍኩት፣ መጻፍ የነበረብኝ ሰኞ ነበር።

ከዛ የቦርዷ ኮምፓይለር እንደገና፣ አሁን ሙሉውን፣ ላይብረሪዎቹን ጨምሮ። አስጀምሬ ተኛሁ፣ መብራት አልሄደም።

አርብ ማታ

ሪድኤልፍ፣ ከሁሉ በፊት። ሲሲ1 ቪ6፣ ሲሲ1ፕላስ ቪ6፣ ሊብኤስቲዲሲ ፕላስ ፕላስ ቪ6። ኪዩኢሙ በአርም1176 ሄደ። ቦርዷ ላይ ኦፕት ውስጥ ዘረገፍኩት፣ ጂሲሲ ቨርዥን ስል 13.2 አለችኝ። ሄሎ ወርልድ ስላት ግን ኤስቲዲአይኦ (ለማተም የሚያስፈልገው ሄደር ፋይል) አልተገኘም።

ይሄኛው አላስጨነቀኝም፣ ሳቄ ነው የመጣው። ፕሪንት-ሲስሩት ብዬ ስጠይቃት የላፕቶፔን ሆም ፎልደር ነው የነገረችኝ። የመጀመሪያውን ኮንፊገር መስመር ኮፒ ፔስት ሳደርግ ዊዝ-ሲስሩቱም አብሮ መጥቷል፣ ለክሮሱ ልክ ነው፣ እዚህ ግን ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ሄደሮቿን የኔ ቤት የምትፈልግ ኮምፓይለር ወጣች። ትክክሉ ዊዝ-ሲስሩት ስላሽ ብቻ፣ ሲሰራ ለሚያስፈልገው ደግሞ ዊዝ-ቢልድ-ሲስሩት የላፕቶፑ ግልባጭ። ለመፍጠን ዛሬ ዳሽ ዳሽ ሲስሩት ስላሽ እያልኩ ሞከርኩት፣ ይሄዳል። ግን በየጊዜው ይሄን መጻፍ ስለማልፈልግ ማታውን ለሦስተኛ ጊዜ አሰራሁት።

ቅዳሜ፣ ቢሾፍቱ

በታር ጠቅልዬ በፍላሽ ይዤ መጣሁ፣ ጫጩት ቤቱ ውስጥ ላለችው ቦርድ ጫንኩላት። ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ ምን ስሰራ እንደከረምኩ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ "ታዲያ ሙቀቱን ድሮም ታነብ አልነበር?" አለኝ። ታነብ ነበር። አዎ።

ከስልኬ ገብቼ ኮምፓይል አደረግኩ። ፎርማት ሄደሩ ከባድ ነው፣ ስዋፑን ትንሽ ከፍ አድርጌላት ነበር፣ አሁንም ሻይ አፍልተን እስክንጠጣ ፈጀባት፣ ግን ጨረሰች። ሳስኬደው ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.32 አልተገኘም። ይሄን እንኳን ጠብቄው ነበር፣ ፕሮግራሙ የተሰራው በ13.2 ላይብረሪ ነው፣ ሲስተሟ ላይ ያለው የ10ሩ ነው፣ እሱ የሚያውቀው እስከ 3.4.28 ነው። የሲስተሙን ላይብረሪ በአዲሱ መተካት ይቻላል፣ ግን እዚህ ካለ ማሽን ላይ የሚሄደውን ሁሉ አልነካካም፣ ስታቲክ-ሊብኤስቲዲሲ ፕላስ ፕላስ ብዬ እንደገና ሰራሁት፣ ሌላ ሻይ።

ሄደ። የመጀመሪያው መስመር፣ በኤስቲዲ ፎርማት አምሮ ተስተካክሎ፣ አንድ ዲጂት ከነጥብ በኋላ፦ 85.0 ዲግሪ።

ጓደኛዬ ስልኬን በትከሻዬ ላይ አይቶ ወደ ጫጩቶቹ ሮጠ። ጫጩቶቹ ደህና ናቸው፣ ይጮሃሉ። 85 ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰሩ ገና መብራት ሲያገኝ፣ አንዴም ሳይለካ በፊት፣ ሆዱ ውስጥ ይዞት የሚነሳው ቁጥር ነው፣ ቦርዷን አጥፍቼ ሳበራ ገመዱን ነካክቼው መሰለኝ። ገመዱን አጥብቄ ሁለተኛ ሳነብ 32.4።

ያችን የመጀመሪያ ንባብ የሚጥል ኢፍ መጨመር አለብኝ። ሦስተኛ ሻይ ተጥዷል።